መቅደምና ማሳለፍ፦ ከጎንደር ለሚነሳ አሽከርካሪ የአሠራር መመሪያ

ከጎንደር በየትኛውም በር ቢወጡ፣ ብዙ ሳይርቁ ጭነት ከከበደው አንድ መኪና ኋላ መሰለፍዎ አይቀርም። ወደ ደባርቅ ሲያቀኑ ገና ከተማውን ሳይለቁ ዳገቱ ይጀምራል፤ ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ ከማክሰኚት በኋላ ኩርባው ይበዛል፤ ወደ መተማም ከአዘዞ ታጥፈው ሲወርዱ እንደዚሁ። ያኔ የሚወስኑት ውሳኔ ሦስት አሽከርካሪዎችን ይነካል፦ የሚቀድመውን፣ የሚቀደመውንና ከፊት ለፊት የሚመጣውን። ከሦስቱ «ልቅደም» ብሎ የወሰነው አንዱ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ሳይጠየቁ ገብተውበታል። ስለ መቅደም የሚሰጠው ምክር ሁሉ ለሚቀድመው ብቻ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ስለዚህ እዚህ ላይ ለሦስቱም እጽፋለሁ።

መቅደሙ ያስፈልጋል ወይ?

ይህን ጥያቄ መሪውን ወደ ግራ ከማዞርዎ በፊት ይመልሱ። ሦስት ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዳገት ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከሚወጣ መኪና ኋላ ቢቆዩ ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጅብዎታል። ቀድመውት በ40 ቢወጡ አራት ደቂቃ ተኩል። ያተረፉት አራት ደቂቃ ተኩል ነው። ከጎንደር ባሕር ዳር ያለውን 180 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአማካይ በ60 ቢነዱ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ አማካዩን ወደ 70 ቢያሳድጉ ሃያ ስድስት ደቂቃ ቀድመው ይደርሳሉ። ከተሞችና የገበያ ሰዎች ባሉበት መንገድ አማካዩን በአሥር ለማሳደግ ስንት ጊዜ ደርቦ ማለፍ እንደሚያስፈልግ በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል።

ከፊትዎ አምስት መኪኖች ተከታትለው ከሆነ የመጀመሪያውን መቅደም የትም አያደርስዎትም። ቀጣዩ ከተማ ሁለት ኪሎ ሜትር ከቀረውም እንደዚሁ። ረጅም መንገድ የቀረዎት፣ ከፊትዎ ያለው መኪና መንገዱ ከሚፈቅደው በጣም ዝቅ ብሎ የሚሄድ፣ ከእሱ ፊትም ባዶ ከሆነ መቅደሙ ተገቢ ነው፤ በሥርዓት ይቅደሙ።

ለሚቀድመው

1. ወደኋላ ይቅሩ። አብዛኛው አደገኛ መቅደም የሚጀምረው ተጠግቶ ከመንዳት ነው። ከአይሱዙ ኋላ የተለጠፈ ሰው የሚያየው የኋላ በሩን፣ ጭነቱ ላይ የታሰረውን ሸራና ከጎን የሚወዛወዘውን ጀሪካን ነው፤ መንገዱን አያይም። መንገዱን ለማየት ግማሽ አካሉን ወደ ግራ ማውጣት ግድ ይሆንበታል፤ ያን ጊዜ ከፊት ለሚመጣው በድንገት ይከሰትበታል። ሃምሳ ሜትር ያህል ወደኋላ የቀረ ግን ከጭነቱ በግራም በቀኝም አሻግሮ ያያል፤ ጥቁሩ ጭስም አይጋርደውም።

ርቀቱን ለመለካት ከመንገዱ ዳር አንድ የመብራት ምሰሶ ወይም ባሕር ዛፍ ይምረጡ። የፊተኛው መኪና ምሰሶውን ሲያልፍ ረጋ ብለው መቁጠር ይጀምሩ፤ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ እርስዎም ከደረሱበት በጣም ቀርበዋል። በ60 ለሚነዳ ሰው ሦስት ሰከንድ ሃምሳ ሜትር ነው። በተዉት ክፍተት ሌላ መኪና ሊገባ ይችላል፤ ይግባ፣ እርስዎ እንደገና ወደኋላ ይቅሩ።

2. ባዶውን መንገድ በሜትር ይገምቱ። ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና በ40 ይሄዳል፣ እርስዎ በ60 ሊቀድሙት ነው እንበል። የእሱ ርዝመት አሥራ ስምንት ሜትር ያህል ነው፤ ከኋላው ሲወጡና ከፊቱ ሲገቡ የሚያስፈልገው ክፍተት ሃያ ሃያ ሜትር፤ የእርስዎ መኪና አራት ሜትር ተኩል። ድምሩ ስድሳ ሁለት ሜትር ተኩል ይሆናል። ይህን ልዩነት ለመዝጋት አሥራ አንድ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ እርስዎ 180 ሜትር ይጓዛሉ፤ ከፊት ለፊት በ80 የሚመጣ መኪና ደግሞ 240 ሜትር ይቀርብዎታል። በአንድ ላይ 420 ሜትር ነው፤ ለጥንቃቄ የሚሆን ሲጨመርበት ከግማሽ ኪሎ ሜትር ያላነሰ ጥርት ያለ መንገድ ሊታይዎት ይገባል። የፍጥነት ልዩነታችሁ አሥር ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ ጊዜው እጥፍ ሆኖ ወደ ሃያ ሁለት ሰከንድ ይደርሳል። በ50 የሚሄደውን በ60 ለመቅደም መሞከር የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ግማሽ ኪሎ ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ዓይንን ማስለመድ ይቻላል። በ60 ሲነዱ ሩቅ ያለ አንድ ዛፍ ወይም ቤት ይምረጡና እስኪደርሱበት ሰከንድ ይቁጠሩ። ሠላሳ ከሆነ ያ ቦታ ከእርስዎ 500 ሜትር ነበር። አዲስ አሽከርካሪዎች ይህን ልምምድ ማንንም ለመቅደም ባላሰቡበት ሰዓት እንዲያደርጉት አጥብቄ እመክራለሁ፤ ብዙዎች ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚሉት ርቀት ሲለካ በጣም አጥሮ ይገኛል።

በእኛ አገር ሒሳቡን የሚያከብደው ከፍታው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደባርቅ ወደ 2,800 ይጠጋል። ጎንደር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል፤ ደባርቅ ላይ ደግሞ ከአራት አንድ እጅ። ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቤተሰብና ሻንጣ የጫነች ትንሽ አውቶሞቢል በዳባት ዳገት ላይ ቆላ ላይ እንደለመደችው አትፈናጠርም። ዳገት ላይ ለመቅደም ካሰቡ ከላይ ያለውን ርቀት እጥፍ ያድርጉት፤ ያን ያህል መንገድ የማይታይ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው።

ኩርባ፣ የዳገት አናት፣ ድልድይ፣ መገናኛ መንገድ፣ የእግረኛ ማቋረጫ፣ ያልተቆራረጠ መስመርና የመንደር ውስጥ መንገድ ለሒሳብም አይቀርቡም፤ እዚያ አይቀደምም።

3. ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። በመጀመሪያ ስፖኪዮ። ከኋላዎ ያለው ሚኒባስ እርስዎንም ጭምር ለመቅደም ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የግራ ፍሬቻ፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያብሩት። ከዚያ ማርሽ ይቀንሱ፤ ማርሹን ከመኪናው ጎን ከደረሱ በኋላ የሚቀይር ሰው ጉልበት የሚያጣው በክፉው ሰዓት ነው። አጭር ክላክስ ያሰሙ፤ ማታ ከሆነ ረጅሙን መብራት አንድ ጊዜ ብልጭ አድርገው ይመልሱት። ከዚያ በአንድ ጊዜ፣ በተስተካከለ መስመር ይውጡ። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት እዚህም ይሠራል፤ ፍሬቻውን፣ ማርሹንና ውሳኔውን ሁሉ ከወጡ በኋላ የሚጀምሩ ሰዎች አሉ።

የቀደሙት መኪና ሁለቱም የፊት መብራቶች በመሐል መስታወትዎ ሙሉ በሙሉ ሲታዩዎት የቀኝ ፍሬቻ አብርተው ወደ መስመርዎ ይመለሱ። ከተመለሱ በኋላ ፍሬን አይያዙ፣ ፍጥነትም አይቀንሱ። በከባድ ጭነት ላይ ያለ ሰው ፊት ገብቶ መቀዝቀዝ ነውርም አደጋም ነው። እጅዎን አንሥተው ያመስግኑት።

የፊተኛው ሾፌር በቀኝ ፍሬቻ «እለፍ» ሲልዎት፣ ወይም ረዳቱ በመስኮት እጁን አውጥቶ ሲጠራዎት ደስ ይላል፤ ቅን ሰዎች ናቸው። ነገር ግን እነሱ ያዩት በእነሱ ዓይን ነው፤ የእርስዎን መኪና ጉልበት አያውቁም። ደግሞም ቀኝ ፍሬቻ «ልቆም ነው» ማለትም ሊሆን ይችላል፤ ግራ ፍሬቻም «አትምጣ» ወይም «ወደ ግራ ልታጠፍ ነው»። በምልክቱ ይደሰቱ፣ መንገዱን ግን በራስዎ ዓይን ሳያዩ አይውጡ።

4. መመለስን ይወቁ። መቅደም ጀምረው ከፊት መኪና ብቅ ካለ፣ የእርስዎ የፊት ጎማ ከከባዱ መኪና መሐል ገና ካላለፈ፣ ነዳጁን ለቀው ፍሬን ይዘው ወደነበሩበት ይመለሱ። በአብዛኛው ሰው የሚሞተው እልህ ይዞት «ልጨርሰው» ሲል ነው። መመለስ ውርደት አይደለም፤ ተሳፋሪዎን በሕይወት ለማድረስ የተሰጠዎት ሁለተኛ ዕድል ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ብዙ የማይነገር ነገር አለ። ከቀዳሚው ኋላ ተከትለው የሚሄዱ መኪኖች፣ እሱ ሲወጣ የተወውን ክፍተት ወዲያው ይሞሉታል። ተመላሹ የሚመለስበት ቦታ ያጣል። እርስዎ ያ ተከታይ ከሆኑ፣ የወጣው ሰው በሰላም ቀድሞ እስኪገባ ድረስ ቦታውን ክፍት ይተዉለት። ሁለት መኪና ተከታትሎ በአንድ መውጫ መቅደምም ይቅር፤ ሁለተኛው የሚያየው የመጀመሪያውን ጀርባ ብቻ ነው።

ለሚቀደመው

ቀስ ብሎ መሄድ ጥፋት አይደለም። ሽንኩርት የሞላ አይሱዙ በእንፍራንዝ ዳገት ላይ በ20 የሚወጣው አቅሙ ያ ስለሆነ ነው። መንጃ ፈቃድ ያወጣው ገና ትናንት የሆነ ወጣት በ50 ቢነዳም ልክ ነው፤ የሚያስጨንቀው ሰው ጥፋተኛ ነው። የቀርፋፋ አሽከርካሪ ጥፋት መንገድ መዝጋቱ ላይ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ፦

ስፖኪዮዎን ቶሎ ቶሎ ይዩ። ሦስት አራት መኪና ከተሰለፈብዎ፣ ከመንደር ጫፍ ወይም ከነዳጅ ማደያ አጠገብ ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኙ ቀኝ ፍሬቻ አብርተው ይውጡና ያሳልፏቸው። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ከኋላዎ የተከማቸው ንዴት ግን አብሮ ያልፋል። የመንገዱ ትከሻ የተሸረሸረ ወይም ገደል ያለበት ከሆነ ጎማዎን ከአስፋልቱ አያውርዱ፤ ቀጣዩን ቦታ ይጠብቁ።

ሰው ሲቀድምዎ ፍጥነት አይጨምሩ። ዳገቱን በ30 የወጣ መኪና ሜዳ ሲያገኝ፣ ልክ ሰው ሊቀድመው ሲወጣ፣ 80 ሲገባ ብዙ ጊዜ ይታያል። አንዳንዱ ሳያውቀው፣ አንዳንዱ በእልህ ያደርገዋል። ውጤቱ አንድ ነው፦ የአሥራ አንድ ሰከንዱ ሒሳብ ይፈርሳል፤ በግራ መስመር ላይ ያለው ሰው ከእርስዎ ጎን እንደተለጠፈ ይቀራል።

ፍሬን ለመያዝም አይቸኩሉ። ይህን ብዙ ቅን ሾፌሮች ሲሳሳቱበት ይታያል። የሚቀድምዎ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ወደኋላ ለመመለስ ፍሬን ሲይዝ፣ እርስዎም «ላሳልፈው» ብለው ፍሬን ከያዙ ሁለታችሁም ጎን ለጎን ትቀራላችሁ። ቀኝዎን ይዘው ፍጥነትዎን ሳይለውጡ ይሂዱ። አፍንጫው ከእርስዎ አልፎ ለመግባት ሲጣደፍ ካዩ ያን ጊዜ ነዳጁን ለቀቅ ያድርጉለት።

ሁለትና ሦስት ከባድ መኪኖች አብረው የሚጓዙ ከሆነ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ አውቶሞቢል የሚገባበትን ሰፊ ቦታ ይተዉ። ተጣብቀው የሚሄዱ ሁለት ሲኖትራኮችን የሚቀድም ሰው በመሐላቸው ማረፊያ ስለሌለው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለመቅደም ይገደዳል። በጥቅምትና በኅዳር ከመተማ ሰሊጥ ጭነው በአይከል በኩል ለሚመጡ ሾፌሮች በተለይ ይህን አደራ እላለሁ።

ከፊት ለፊት ለሚመጣው

መንገዱ የእርስዎ ነው፤ ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው። ሆኖም በመስመርዎ ላይ መኪና ሲመጣብዎ መብትዎን የሚያስከብሩበት ሰዓት አይደለም። ወዲያው ነዳጁን ይልቀቁ፣ ወደ ቀኝ ይጠጉ፣ መብራት ብልጭ ያድርጉ። ፍጥነትዎን ከ80 ወደ 50 ካወረዱ ለዚያ ለተሳሳተው ሰው በየሰከንዱ ስምንት ሜትር ይጨምሩለታል፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ ከእነ ተሳፋሪዎቹ ያተርፈዋል። ወደ ግራ ግን በፍጹም አይሽሹ፤ እሱም ወደዚያው ሊመለስ ይችላል።

ማታ ላይ ረጅም መብራት ከሩቅ ይቀነስ። ከኋላ የሚከተልም አጭሩን ይጠቀም፤ የፊተኛው ሾፌር ስፖኪዮ ሲያንጸባርቅ ገደሉንም እግረኛውንም አያይም። በማታ ጉዞ የተበላሸ መኪና ኋላ ድንጋይና ቅጠል ተደርድሮ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ቅርንጫፍ መንገድ ላይ ወድቆ ካዩ ከዚያ ባሻገር የቆመ መኪና እንዳለ ይገምቱና ይቀዝቅዙ። የእርስዎ መኪና ተበላሽቶ ድንጋይ ደርድረው ከሆነ ሲነሡ ድንጋዩን ያንሡ። ያ ድንጋይ ለሞተር ብስክሌት ነጂ ሞት ነው።

ስለ ፍጥነት

በከተማ ክልል ውስጥ ለትናንሽ መኪኖች የተፈቀደው ጣሪያ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከከተማ ውጭ በጥሩ መንገድ ላይ ቢበዛ 100፤ እንደ መንገዱና እንደ ተሽከርካሪው ዓይነት ደግሞ ይወርዳል። መቅደም ከዚህ ጣሪያ አያሻግርም። በ60 የሚነዳ ሰው አደጋ አይቶ እስኪቆም በደረቅ አስፋልት ላይ 37 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ በ100 የሚነዳው ከ80 ሜትር በላይ። ዝናብ ካለ ሁለቱም ይረዝማሉ።

እነዚህ ቁጥሮች ትርጉም የሚያገኙት ከአዲስ ዘመን ወደ ወረታ ሲወርዱ ነው። ኩርባው ያልቅና የፎገራ ሜዳ ይከፈታል፤ መንገዱ ቀጥ ይላል፤ እግር ሳይታወቀው ነዳጁ ላይ ይከብዳል። ግን መንገዱ ዳርና ዳር ሰው አለበት፦ ከሩዝ ማሳ የሚመለስ ገበሬ፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች፣ ከብት፣ ጋሪ። አንዲት አህያ ስትሻገር ካዩ ያቺን አልፈው አይፍጠኑ፤ ሌሎቹ ይከተሏታል፣ ከኋላቸው ደግሞ እነሱን ብቻ የሚያይ አንድ ልጅ ይሮጣል። በገበያ ቀን ከማክሰኚት እስከ ይፋግ ድረስ መንደር በደረሱ ቁጥር ወደ 30 ይውረዱ፤ እዚያ ውስጥ ማንንም አይቅደሙ።

ከፒያሳ ወደ አዘዞ ያለው መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ባጃጅ የሚበዛበት ነው። ባጃጅ ተሳፋሪ እጁን ሲያነሣለት ያለ ፍሬቻ ሊቆም ወይም ሊዞር ይችላል፤ ሲቀድሙት ከጎኑ አንድ ሜትር ተኩል ይተዉ፣ ክላክስም አስቀድመው ያሰሙ። የከተራና የጥምቀት ሰሞን ከየአቅጣጫው እንግዳ ሲገባ መንገዱን የማያውቁ ሾፌሮች ይበዛሉ፤ ያን ሰሞን ከተማ አካባቢ መቅደም ባይታሰብ መልካም ነው።

ሊማሊሞ ላይ ደግሞ ምንም ዓይነት መቅደም አያስቡ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተራራው ወገብ ላይ የተቆረጠው መንገድ ጠባብ ነው፣ መታጠፊያው እጅግ የጠነከረ ነው፤ ጭጋግ ሲወርድ ከመኪናው አፍንጫ ባሻገር አይታይም። ወራጁ ለሚወጣው ቅድሚያ ይስጥ፤ ዳገት ላይ የቆመ ከባድ መኪና እንደገና ለመነሣት ይቸገራል። ከደባርቅ ሲወርዱ ማርሹን ገና ከአናት ላይ ቀንሰው በሞተሩ ይያዙት፤ ፍሬኑን እየረገጡ መውረድ ያሞቀዋል፣ የሞቀ ፍሬን ደግሞ አይዝም።

ለተሳፋሪም አንድ ነገር

የሚኒባስ ሾፌሮች ከሚጣደፉበት ምክንያት አንዱ መናኸሪያ ላይ ተራ እንዳያመልጣቸው ነው። ሌላው ግን ከኋላ ወንበር የሚመጣው «ምነው ተኛህ?» የሚለው ቃል ነው። ያንን አይበሉ። ሾፌሩ በኩርባ ላይ ሲወጣ ካዩ በአክብሮትና በግልጽ ይናገሩ፦ «ወንድሜ፣ አንቸኩልም፣ በሰላም አድርሰን»። አንድ ሰው ሲጀምር ሌሎቹ ይደግፋሉ፤ ሾፌሩም ብዙ ጊዜ እንዲቀዘቅዝ ፈቃድ የተሰጠው ያህል ይቀለዋል።

በአደገኛ ሁኔታ የቀደመዎትን ሰው አይከተሉ፣ አያሳድዱ፣ መልሰው አይቅደሙት። ትንሽ ቀዝቅዘው ያርቁት። ከጎንዎ የተቀመጠው ሰው የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የመኪናውን ዓይነት፣ ቦታውንና ሰዓቱን ይጻፍ፤ ቀጣዩ ከተማ ሲደርሱ ቆም ብለው ለትራፊክ ፖሊስ ይንገሩ።